ሌባ ጣት

ጠዋት ቦራ ነፍሶ ትሪየስቴን ሲንጥ፣
ሰዉ ገመድ ጨብጦ ዳገቱን ሲቧጥጥ፣
ሲኞራ ኦርቴንሲያ በሬን ገፍታ ገባች፤
ካሜራዋን አውጥታ ከፊቴ አኖረች።
«ልብሱ ነው ያለቀው፤ ሆድ ዕቃው ደኅና ነው፤
ይኸው ስማው» አለች፣ «ጆሮህን አስጠጋው።»
ቀጭ አለ።
እውነቷን ነው።

ልብሱ ግን፣ ወይ ልብሱ!
በቀኙ፣ አውራ ጣት ሠላሳ ዓመት ያረፈበት፣
ላብና የባሕር ጨው የተፈራረቀበት፣
እንደ መጥረቢያ እጀታ ልሞ አብረቅርቆ፤
በግራው እንደ ኩሬ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፤
ከሥሩም ምስር ምስር የሚያህል ጉብታ፣
ናሱ ያበቀለው የአረንጓዴ ዝገት ሽፍታ።

ወደብ ላይ ነው የኖረች፣ ተሳፋሪ ስታነሣ፤
ለአውስትራሊያ መንገድ ሻንጣውን ያነሣ፣
መሀረብ የሚያውለበልብ፣ ፊቱን የሚያዞርም፤
ፎቶውን ለቀሪው ትሸጣለች፣ ዕንባው ሳይደርቅም።
ይህን ያጫወተችኝ ትዝታ ይዟት አይደለም፣
ዋጋ ስታስቀንስ ነው።
«የፍየል ቆዳ ተወዷል» ብላት፣
«ታዲያ እኔን ልታርደኝ ነው?» አለች።

ስትሄድ መብራቴን ዝቅ፣ መነጽሬን ከፍ አድርጌ፣
ጥጡን አልኮል ነክሬ፣ ጫፉን በወስፌ ፈልጌ፣
ጀመርኩ መላጥ።
አንዳንዱ እሺ ይላል፣ ከናሱ ተስማምቶ፣
እንደ ብርቱካን ልጣጭ ይመጣል ተጎትቶ፤
ይሄ ግን እምቢኝ አለ፤
ፍርፋሪው ጥፍሬ ሥር ገባ፣ ጉንጬ ላይ ዋለ።
እርቃኑን ሲቀር እኔ አፈርኩለት፤
አራት ብሎን፣ የደረቀ ሙጫ፣
የቀንድ አውጣ መንገድ የመሰለ፣ ቢጫ።

ድራጎ፣ አስተማሪዬ፣ አፈሩ ይቅለለውና፣
«አሥሬ ለካ» ይል ነበር፣ «አንዴ ቁረጥ» ይልና
ራሱ ሳይለካ ይቆርጣል። እጁ ዓይን ነበረው።
እኔ አሥሬ ለካሁ። አሥራ አንደኛም ለካሁ።
ነፋሱ መስኮቴን መታው፣
ምላጬ ከመስመሩ አንድ ሚሊሜትር ወጣ።

አንድ ሚሊሜትር ምን አላት? የቁንጫ ርምጃ።
ናሱ ግን በዚያች ቀጭን ስንጥቅ አጮልቆ አየኝ፣
በማይጨፈን ዓይን።
ሌላ ቆዳ የለኝ፤ ቅዳሜ ነው፣ መሽቷል፤
የቆዳ ነጋዴው ቆልፎ ቤቱ ገብቷል።
ከቅርጫት ውስጥ አሮጌውን ለቃቅሜ፣
አውራ ጣቷ ካለሰለሰው ላይ፣ እስትንፋሴን ገትቼ፣
የጥፍር ቁራጭ የማታህል ስንጣሪ መርጬ፣
በመርፌ ጫፍ ሙጫ ቀብቼ ሰካኋት።
ጥቁር በጥቁር።
ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ የለችም። ቀና ብዬ አየሁ፣ የለችም።
ዓይንን ያታለለ ሰው የሚሰማውን ኩራት
እሑድን ሙሉ ለብሼው ዋልኩ።

ሰኞ መጣች። መነጽሯን ከቦርሳ አላወጣችም፤
ካሜራውን ወደ ፊቷ እንኳ አላስጠጋችም።
ትኩሳት እንደምትለካ፣ እንደ ሕፃን ግንባር፣
መዳፏን አሳረፈችበት።
አውራ ጣት ሰፈሩን አጣ፣ ተንሸራተተ፣ ቅር አለው።
መሀል ጣት ዝም። የቀለበት ጣት ዝም።
ሌባ ጣቷ ግን ሄደ፣ ሄደ፣
ከሌንሱ አጠገብ ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»
«ስህተቴ ነው» አልኩ።
«አይደለም። ይሄ የእኔ ነው። አውቀዋለሁ።»
ዝም አልን። ቦራ በሩን እየገፋ።
«ስንት ትቀንስልኛለህ?»
«ሁለት ሺህ ሊሬ።»
«ሦስት።»
ቀነስኩላት።

ዳገቱን ስትወጣ በመስኮት አየኋት፤
በግራዋ ገመድ፣ በቀኟ ካሜራ፣
ነፋሱ ሻሿን ሊነጥቃት ሲታገላት፤
ሌባ ጣቷ ግን እዚያችው ላይ ነው፣
የሰረቅኳትን ሚሊሜትር እየጠበቀ።